የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወትና የሱሉልታ ብርድ



ባለፈው የቁጠባ ስብሰባችን ላይ ልጄ ከሱሉልታ ደውላ እያለቀሰች እንዳስጨነቀችኝ መናገሬን ታስታውሳላችሁ። ሩጫ ልትለማመድ ከቆቦ ከወጣች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው። ጫማዋን የገዛሁት ከዚሁ ከማህበራችን ሣጥን ተበድሬ ስለሆነ ጉዳዩ የእኔና የእሷ ብቻ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሩጫ አለባቸው፤ 30 ኪሎ ሜትር። በኅዳር መጨረሻ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ በተጋገረበት አንድ ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር ጀመረች። 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን እግሯ እንደ እንጨት ደርቆባት መንገድ ዳር ተቀመጠች። በመኪና ነው የመለሷት። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቷ መመለስ እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

እኛ የራያ ቆላ ሰዎች ሙቀቱን እንጂ ብርዱን አናውቀውም። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። እኛ ጥር ላይ እንኳ ነጠላ ጣል አድርገን ገበያ እንወጣለን። ብርድ መኖሩን የምናውቀው ከግዳን ደጋ የሚወርዱትን ሰዎች ጋቢ አይተን ነው። ስለዚህ ለልጄ ምን ብዬ እንደምመክራት ጨነቀኝ። ጎረቤቴ የሆኑ ጡረታ የወጡ መምህር ጭንቀቴን ሰምተው ስለ አበበ ቢቂላ የሚያወሱ ጽሑፎች አዋሱኝ። አንብቤ ስጨርስ ለእናንተም እንድጽፍላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበርና ይኸው።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ነው። ነሐሴ በደጋ ምን እንደሚመስል ሄዶ ያየ ያውቀዋል። በዚያችው ዕለት ባሕር ማዶ በአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ቢነገራቸውም ማራቶን ማለት ምን እንደሆነ ግራ በገባቸው ነበር።

ጣልያን አገራችንን ሲወር ሕፃን ነበር። ያ ጦርነት በእኛ በኩል በማይጨው አድርጎ በራያ ሜዳ ላይ ሲያልፍ፣ በእነሱም በኩል ቤተሰቡን ከቀዬው አፈናቅሎ ጎሮ ወደምትባል ራቅ ያለች ስፍራ ሰደደው። መፈናቀል ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ወይዘሮ ውድነሽ ከልጁ አባት ጋር ተለያይተው ሌላ ትዳር መሥርተው ነበር፤ በስደትም በትዳር መፍረስም መሃል ልጃቸውን ይዘው ቆዩ። በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እርሻቸውን ያዙ። አበበ እንደ አካባቢው ልጆች አደገ። ገና ይጫወት ነበር፤ በዱላ ሩሯን እየመቱ ሜዳ ለሜዳ ማሳደድ ነው። በእነሱ አገር ግቡና ግቡ አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች ይራራቁ ነበር ይባላል። እንግዲህ ይህ ልጅ ሩጫ የጀመረው አሠልጣኝ ሲያገኝ አይደለም።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ገደማ አዲስ አበባ ገብቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ለደሃ ገበሬ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ደመወዝ አለ፣ ልብስ አለ፣ ከቤት የሚላክ ሳይጠብቁ መኖር አለ።

አሁን ልጄ ወዳለችበት ቦታ ደረስን። አበበ በእነዚያ ዓመታት በየቀኑ ከሱሉልታ ኮረብቶች ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ይሮጥና መልሶ ይወጣ ነበር፤ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ነው። በሳምንት አንድ ቀን አላልኩም፤ በየቀኑ። በሁለቱ መካከል የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ቆሟል፤ ጫፉ 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አየሩ ስስ ነው። በዚያ ከፍታ ለዓመታት የሮጠ ሰው ደሙ አየር የሚሸከሙትን ቀይ ሕዋሳት ያበዛል፤ ዝቅ ያለ አገር ወርዶ ሲወዳደር ያ ስንቅ ሆኖ ያገለግለዋል። ይህን ዛሬ ሁሉም ይናገረዋል። ስለ ብርዱ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ልጄን የሚያሠለጥነው ሰው በስልክ ያስረዳኝን ላካፍላችሁ፤ በማለዳ ውኃ ልትቀዱ፣ ወፍጮ ልትሄዱ ደጋ ዘመድ ቤት ብትከርሙ ይጠቅማችኋል። በብርድ የተኛ ጡንቻ ጅማቱ የጠበቀ ነው። ሰው እንዲሞቀው ብሎ ከመጀመሪያው በፍጥነት ከሮጠ ያ ጡንቻ ሳይፍታታ ይደክማል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ዝግ ማለት አለባቸው፤ ቢያሳፍርም። ዳገቱ ላይ ላብ ይመጣል። ቁልቁለቱ ላይ ነፋሱ ያንኑ ላብ ያቀዘቅዘዋል፤ ጥጥ ሹራብ የለበሰች ልጅ ደግሞ ላቡን በጀርባዋ ተሸክማ ትዞራለች። በብርድ ውኃ አይጠማም፤ ሰውነት ግን በላብም በትንፋሽም ውኃ ማውጣቱን አያቆምም። ልጄ አራቱንም አጥፍታ ነበር፤ ልትሞቅ ብላ ከፊት ሮጠች፣ ሹራቧ የጥጥ ነበር፣ ውኃ አልጠጣችም፣ ቁርስም አልቀመሰችም። የእኔም ጥፋት አለበት። ሹራቡን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ቆቦ ላይ ቆሜ ወፍራም ስለሆነ ብቻ ጥሩ መስሎኝ።

አበበ በዚያ መንገድ ላይ ሲመላለስ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አየው። ኒስካነን ክብር ዘበኛን እንዲያሠለጥን በመንግሥት የተቀጠረ ሰው ነበር። እሱ ራሱ በረዶ ካለበት አገር የመጣ ነውና ብርድ ላይ መሮጥን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። አበበን ለማራቶን ያዘጋጀው ጀመር። ያን ጊዜ የታወቀው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ በጦር ኃይሎች ውድድር አበበ ከዋሚ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ገብቷል። ይህን የምጽፈው አውቄ ነው። ብዙዎቻችን አበበ ድንገት ከየት መጣ ሳይባል ሮም ላይ ታየ ብለን ነው የተማርነው፤ በመጨረሻው ሰዓት በሰው ምትክ አውሮፕላን ላይ ወጣ እየተባለም ይወራል። ታሪኩን ያጠኑት እንደሚሉት ግን ነገሩ ለረጅም ጊዜ የታሰበበት ሥራ ነበር።

በመጋቢት 1952 ዓ.ም አገባ። እናቱ የመረጡለትን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን ነው። እሱ 27 ዓመቱ ነበር፤ እሳቸው ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ማህበራችን ያለዕድሜ ጋብቻን ለማስቀረት ስንት ቤት እንዳንኳኳ እያወቅሁ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዘመኑ ነው ብለን እንለፈው ብንል እንኳ ልጅነታቸው አብሮ እንደተወሰደ ነው። ትዳሩ ግን ጸንቶ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ዘለቀ፤ አራት ልጆችም አፈሩ። ወደ ኋላ ላይ ወይዘሮ የውብዳር የተሸከሙት ነገር ስለሚመጣ ስማቸውን ያዙልኝ።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ አዲስ አበባ ዝናብና ጭቃ ሆና በምትከርምበት ወር፣ አበበ የመጀመሪያውን ማራቶን እዚያው ሮጦ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ደገመው፤ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ። ይህ ቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። እስቲ አስቡት፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለች ከተማ፣ በክረምት፣ ማንም የውጭ ሰው ሳያየው። ለእኔ የሮም ድል ያለቀው እዚህ ነው። ሮም ሄዶ የሠራውን አሳየ።

የሮሙን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም፤ ግን ሁለት ሦስት ነገር አለ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም ነበር፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። እኛ አገር ችቦ በሚበራበት ምሽት እዚያም ወታደሮች ችቦ ይዘው በጨለማው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ሙቀቱን ሽሽት ሩጫው የተጀመረው ፀሐይ ልትገባ ስትል ስለሆነ ነው። ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ የሚገዛለት አጥቶ አይደለም። እዚያ የተገዛለት አዲስ ጫማ እግሩን አቆሰለው፤ ባዶ እግር መሮጥ ደግሞ የለመደው ነገር ነበር። ሌላው ደግሞ ይህ ነው፤ እንዲጠነቀቅ የተነገረው ቁጥር 26 የለበሰውን ሞሮኳዊ ራዲን ነበር። ራዲ ግን በሌላ ቁጥር፣ በ185 ወጣ። አበበ ከጎኑ ያለው ሰው ራዲ መሆኑን ሳያውቅ ቁጥር 26ን ፊት ለፊቱ እየፈለገ ብዙ መንገድ አብሮት ሮጠ። ሩጫው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት የቆመበት አደባባይ አለ። እሱና ኒስካነን አስቀድመው መንገዱን ሲያዩ እዚያ ላይ ለመሮጥ ተስማምተው ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ በዓለም ከዚያ በፊት ያልተሮጠ ፍጥነት። ራዲ 25 ሰከንድ ዘግይቶ ገባ። ሐውልቱ ወደ አገሩ እስኪመለስ ከዚያ ቀን ወዲህ 44 ዓመት ከመንፈቅ ወስዷል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛ አለቆች መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሡ አበበም የክብር ዘበኛ ወታደር ስለነበር ለጥቂት ጊዜ ተጠይቆ ተለቀቀ። በዚያው ዓመትና በማግስቱ አቴንስ፣ ጃፓን ኦሳካና ኮሺሴ በምትባል የቼኮዝሎቫኪያ ከተማ ሮጦ ሁሉንም አሸነፈ። ማንም ሊደርስበት እንደማይችል ሰው ሁሉ አመነ።

ከዚያ ቦስተን መጣ። ልጄ ያንን ክፍል በስልክ ሁለት ጊዜ አስነብባኛለች።

ሚያዝያ 1955 ዓ.ም ነው። አበበ ከወንድም ያህል ከሚቀርበው ከማሞ ወልዴ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። ሁለቱም አብረው ከፊት ወጥተው የቦታውን ክብረ ወሰን በሚሰብር ፍጥነት ሮጡ። እስከ 18ኛው ማይል ድረስ የሚያሰጋቸው አልነበረም፤ ይህ በእኛ መለኪያ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ኒውተን የሚባለው ሰፈር ኮረብቶች መጡ፤ ከኮረብቶቹም ጋር ቀዝቃዛ ነፋስ። ሁለቱም ወደ ኋላ ቀሩ። አንድ የቤልጂግ ሰው አልፏቸው አሸነፈ። በብርድ ያደገው፣ እንጦጦን በየቀኑ የተሻገረው አበበ በቦስተን ብርድና ዳገት ተሸንፎ 5ኛ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙ አሰብኩ። እሱን የመሰለ ሰው ብርድ ሲበግረው ልጄ 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ብትቀመጥ ምን ይገርማል? ቁጥሩ 18 መሆኑ ደግሞ አሳቃት፤ የእሱ ማይል፣ የእሷ ኪሎ ሜትር ቢሆንም። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። አበበ መንገድ ላይ አልቀረም። አሸናፊው አልፎት፣ ከሱ ኋላ የነበሩ ሌሎችም አልፈውት፣ እግሩ እምቢ ብሎት በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ገባ። በዓለም አቀፍ ማራቶን ጨርሶ ግን ሳያሸንፍ የቀረበት ብቸኛው ውድድር ያ ነው። ስለ ሮምና ስለ ቶኪዮ ሲነገር ይህን የሚጠቅስ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን ለልጄ ከሮሙ ይልቅ እሱን ነው የነገርኳት።

አገሩ ተመልሶ አንድ ዓመት ያህል ማራቶን አልሮጠም። ዝም ብሎ ተለማመደ። በ1956 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሮጦ አሸነፈና ለቶኪዮ ተዘጋጀ። ሊሄድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ደብረ ዘይት ላይ በልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን ታመመ፤ ትርፍ አንጀት ነበር፤ ተቀደደ። ቁስሉ ገና ሳይጠና ጃፓን ገባ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በጫማና በነጭ ካልሲ ሮጦ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው ሰው እስኪመጣ ከአራት ደቂቃ በላይ ስለነበረው ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ያ ሁሉ ሕዝብ ይህን ሲያይ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእሱ በፊት ሰው አልነበረም። በሽልማቱ ጊዜ የኢትዮጵያን መዝሙር የሚያውቅ ሙዚቀኛ ስላልነበረ የጃፓን መዝሙር ነው የተመታው። ከሆዱ ቀዶ ጥገና ሳያገግም የሮጠውን ግን አርአያ አድርጌ ለልጄ አልነግራትም፤ እናት ነኝና። ሐኪም ያልፈቀደላትን እንዳትሞክር ነው የምላት።

ንጉሠ ነገሥቱ በማዕረግ ላይ ማዕረግ ጨመሩለት፤ ነጭ ቮልስዋገን መኪናም ሰጡት። በ1961 ዓ.ም ጥቅምት ሜክሲኮ ላይ ቁጥር 1ን ለብሶ ቢነሣም ጉዳት የነበረበት እግሩ አላደርስ ብሎት አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። በተከታታይ በሦስት ኦሊምፒክ የማራቶን ወርቅ ለኢትዮጵያ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚያሳዝን ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት ያችን መኪና እየነዳ ሳለ ተገለበጠችበት። ተጣብቆ ሌሊቱን ሙሉ ውስጧ አደረ፤ ያወጡት ሊነጋጋ ሲል ነው። አንገቱ ተጎድቶ እጅና እግሩ አልታዘዝ አለው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደሚባል፣ አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች ወደሚታከሙበት ሆስፒታል ተወሰደ፤ ስምንት ወር ቆየ። መጀመሪያ ራሱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን ቀሩ።

የ36 ዓመት ሰው፣ በዓለም ሁሉ በእግሩ የታወቀ ሰው፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ወይዘሮ የውብዳርና ልጆቹ ናቸው። ጋዜጦቹ ስለ ሜዳሊያው ይጽፉ ነበር፤ በሌሊት ማን እንደሚያገላብጠው፣ ማን እንደሚያጥበው፣ ከተሽከርካሪው ወደ አልጋ ማን እንደሚያሻግረው የሚጽፍ አልነበረም። ከመካከላችን የታመመ ባል፣ የተኛ ወንድም፣ የአልጋ ቁራኛ እናት ያላችሁ ትገነዘቡታላችሁ። ሴት ልጁ ፅጌ በኋላ ስለ አባቷ መጽሐፍ ጽፋለች፤ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያየውን ውጭ ያለ አያየውምና ደስ ይላል።

አበበ ግን አልተኛም። እጆቹ ስላሉ በእጁ የሚሠራ ስፖርት ፈለገ። ቀስት መወርወር ተማረ፤ የጠረጴዛ ቴኒስም ያዘ። በሐምሌ 1962 ዓ.ም እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር የሚወዳደሩ ሰዎች ጨዋታ ላይ በሁለቱም ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ደግሞ ኖርዌይ በተዘጋጀ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በክብር እንግድነት ተጠራ። የክብር እንግዳ የሚባል ሰው መቀመጫ ይሰጠዋል፣ አበባ ይሰጠዋል፣ ያጨበጭባል። እሱ ግን መወዳደር ፈለገ። በቀስቱና በቴኒሱ ገባ። አልበቃውም፤ በበረዶ ሜዳ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ በሚካሄደው ረጅም ውድድርም ተሰለፈ። የሰሜን አገር ሰዎች በተወለዱበት በረዶ ላይ 16 ተወዳዳሪዎች ነበሩ። አበበ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ጨርሶ አንደኛ ሆነ።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቁጭ አልኩ። በረዶ እኛ አገር የምናውቀው ሰብል ሲመታ ነው። በሸዋ ደጋ ያደገው ሰውም ቢሆን ውርጭ እንጂ እንደዚያ ያለ በረዶ አልለመደም። እግር የለውም። ሰውነቱ ግማሹ ብርዱን እንኳ አይሰማውም፤ ይህ ደግሞ የባሰ አደገኛ ነው፤ የማይሰማ እግር ሲቀዘቅዝ ባለቤቱ አያውቅምና። በዚያ ሁሉ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ። ያ ሰው ለቦስተን ነፋስ መልስ የሰጠው በዚያ ቀን ይመስለኛል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው እንጂ የተጻፈ አይደለም።

በ1964 ዓ.ም ክረምት በጀርመን ሙኒክ ኦሊምፒክ በእንግድነት ተገኘ። በተሽከርካሪው ሲገባ ስታዲየሙ ተነሥቶ አጨበጨበለት። በማራቶኑ ማሞ ወልዴ 3ኛ ሆኖ ነሐስ አገኘ፤ ያሸነፈው አሜሪካዊ ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ በራስ ውስጥ ደም መፍሰስ ምክንያት አረፈ። 41 ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኘ፤ የሐዘን ቀንም ታወጀ። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ። ወይዘሮ የውብዳር ገና በወጣትነት አራት ልጆች ይዘው ቀሩ።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ፤ ብዙዎቻችሁ መንገድ ላይ ስታገኙኝ እየጠየቃችሁኝ ነውና።

የቦስተኑን ከነገርኳት በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ ልትሞክር ተስማማች። እኔም በማህበራችን ጉዳይ ወልድያ ወርጄ ሳለ ከገበያ ላብ የማይዝ ስስ የሩጫ ሹራብ ገዝቼ ላክሁላት። ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። ጠዋቱ የባሰ ብርድ እንደነበር ነገረችኝ፤ የቧንቧው ውኃ ረግቶ አልወርድ ብሎ ነበር። አጥሚት ጠጥታ፣ የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች ጓደኞቿ እየሳቁባት ዝግ ብላ ሮጠች። 18ኛው ላይ ስትደርስ ያችን የተቀመጠችባትን ድንጋይ አየቻት። አለፈቻት። 24ኛው ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ፤ እዚያ ላይ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሮጠች። 30ውን ጨረሰች። ከሁሉም የመጨረሻዋ ሆና ነው የገባችው፤ ጓደኞቿ ልብሳቸውን ቀይረው ሻይ እየጠጡ ነበር። ጣቶቿ ከመደንዘዛቸው የተነሣ የጫማዋን ክር አንዷ ልጅ ናት የፈታችላት።

የምትመጣበትን አሁን አታነሣም። ያነሣችው ጋቢ ነው። የእናቴ የነበረ፣ ቆቦ ላይ ማንም የማይለብሰው ወፍራም ጋቢ ሣጥን ውስጥ አለኝ። ከአባላት መካከል በዚህ ወር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ያላችሁ ብትነግሩኝ ከትንሽ ቆሎ ጋር አስሬ አዘጋጃለሁ። ለጫማው የተበደርኩትን ሁለተኛውን ክፍያ በመጪው የቁጠባ ቀን ይዤ እመጣለሁ።